የኤምፒኤምኤስ 3 ማግኔቶሜትር ግምገማ፦ ለተቆራኙ ስስ ንብርብሮች ምን ያህል ይበጃል?

የኳንተም ዲዛይን ኩባንያ ምርት የሆነው ኤምፒኤምኤስ 3 ከ1.8 እስከ 400 ኬልቪን ባለው የሙቀት ክልልና እስከ 7 ቴስላ በሚደርስ ማግኔታዊ መስክ የናሙናን ማግኔታዊ ሞመንት (የማግኔትነቱን መጠንና አቅጣጫ) ይለካል። መሣሪያው ለብዙ ሥራ የሚውል ቢሆንም፣ እዚህ የምመዝነው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም እርስ በርስ የተቆራኙ የጋዶሊኒየምና የኮባልት ስስ ንብርብሮች ማግኔትነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ለማጥናት ነው።

ጋዶሊኒየም በ293 ኬልቪን ገደማ ማግኔታዊ ሥርዓቱን ሲያጣ ኮባልት እስከ 1,388 ኬልቪን ገደማ ይዘልቃል፤ በሚገናኙበት ወለል ላይ ደግሞ ሞመንቶቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይቆማሉ። በቅዝቃዜ የጋዶሊኒየም ሞመንት ያይላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ፈጥኖ ስለሚዳከም፣ ውፍረታቸው ከተመጣጠነ፣ ድምሩ ወደ ዜሮ የሚወርድበት የማካካሻ ሙቀት ላይ ይደረሳል። መሣሪያው ዋጋውን የሚያስመሰክረው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ 10⁻⁸ ኢኤምዩ (የማግኔታዊ ሞመንት መለኪያ አሃድ) የሚወርደው የመለየት አቅሙ፣ ተራ የንዝረት ማግኔቶሜትር ከጫጫታ በቀር ምንም በማያሳይበት ሙቀት እንኳ ጥርት ያለ ኩርባ ያወጣል።

ይህ ጥራት ግን ያዘናጋል። 4 በ4 ሚሊሜትር ስፋትና 10 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ኮባልት 2×10⁻⁴ ኢኤምዩ ገደማ ሲሰጥ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የሚወፍረው የሲሊከን መሠረቱ በ7 ቴስላ ከዚያ ብዙም የማያንስ ተቃራኒ ሞመንት ስለሚያሳይ፣ ባዶውን ሲሊከን ለብቻው ለክቶ መቀነስ ግዴታ ነው። በተጨማሪም ከከፍተኛ መስክ ሲመለሱ በሱፐርኮንዳክተር ማግኔቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊቴስላ ስለሚቀር፣ ስክሪኑ ዜሮ ቢልም ናሙናው ዜሮ መስክ ውስጥ አይደለም፤ በትንሽ መስክ ማግኔትነቱ የሚገለበጥ (“ለስላሳ”) ንብርብር ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ መሣሪያው የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ከኮባልት ጋር የሚዋሰኑት ጥቂት የጋዶሊኒየም የአቶም ረድፎች በትስስሩ ምክንያት ከ293 ኬልቪን በላይም ማግኔታዊ ሆነው ይቆያሉ፤ ከተለካው ሞመንት የትኛው የእነርሱ፣ የትኛው የኮባልቱ እንደሆነ ለመለየት ግን እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚያሳይ የኤክስሬይ ልኬት ያስፈልጋል።

እስከ 1,000 ኬልቪን የሚያሞቀው ተጨማሪ ምድጃ ለዚህ ሥራ አይመከርም። የኮባልትን የኩሪ ሙቀት (ማግኔታዊ ሥርዓቱን የሚያጣበትን ሙቀት) አይደርስበትም፤ ቢደርስበት እንኳ ንብርብሮቹ ቀድመው እርስ በርስ ይዋሃዳሉ።