«ትንሽ ሥራ ነው የቀራት» ለተባለች ፔጆ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ከሐረርና ከድሬ የሚወጡ የድሮ ፔጆዎች ሽያጭ በዝቷል። በተለይ 404። ማስታወቂያው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «ክላሲክ፣ ከ30 ዓመት በላይ በአንድ ሰው እጅ የቆየች፣ እድሳቷ የተጀመረ፣ ትንሽ ሥራ ብቻ የቀራት።» ገዢው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወይም ለእረፍት የገባ ዲያስፖራ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ልጅነቱን በሐረር ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ያሳለፈ፣ አሁን ትንሽ ብር እጁ የገባ። ለእናንተ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። የቀራት ትንሽ ከሆነ ለምን አልጨረሳትም? አቦ፣ ይህን ሳትጠይቁ ኪሳችሁን አትንኩ። የምትሄድና ቀለሟ የሚያበራ 404 ስንት እንደምታወጣ ሻጩ ከእናንተ በላይ ያውቃል። ሁለት ጎማና አንድ ባትሪ ብቻ ቢሆን የጎደላት ተበድሮም ይገዛላት ነበር። እድሳት ቀላሉ ቦታ ላይ ደርሶ አይቆምም። ወይ የማይገኝ ዕቃ ተፈልጎ ታጥቷል፣ ወይ ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ያልተጠበቀ ጉድ ወጥቷል፣ ወይ ወረቀቷ ችግር አለበት። ያን ሁሉ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ሥራው የት ጋ እንደተያዘ ጠንቅቆ ያውቃል። እናንተም ልትከፍሉ የምትችሉት ያንን ካወቃችሁ በኋላ ነው።

የእህቴ ባል የድሬ ሰው ነው፣ ከዚራ ነው የሚኖረው። ሐረር የገዛት 404 አሁን ግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሽያጩ እንዴት እንደተደረገ ስለማውቅ በእሱ ላይ የደረሰውን እያነሣሁ ልንገራችሁ።

ደላላው ወሬ ያውቅበታል። መልኳን ያወጣላት ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው አለው። እውነት ነው። የሳፋሪ ራሊን በፈረንጆቹ 1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፋለች አለው። ይኼም እውነት ነው። ፈረንሳዮቹ ከ1960 እስከ 1975 የሠሯት ብርቱ መኪና ናት፣ ሐረር ውስጥ ስንት ዓመት ታክሲ ሆና ማገልገሏን ራሳችን አይተናል። ግን ራሊውን ያሸነፈችው ሌላ 404 ናት! እናንተ የምትገዙት እዚያ ዳስ ሥር፣ ሞተሯ ወርዶ ግማሹ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረውን ነው። ታሪክ ሲያወሩላችሁ ቡናችሁን ጠጡና ከረጢቱን ፈቱ።

የተፈታ መኪና መግዛት ጉበቱና ጭቅናው ቀድሞ የተነሣ ቅርጫ ውስጥ እኩል አዋጥቶ እንደ መግባት ነው። የእህቴ ባል ከረጢቶቹን ቆጠረ እንጂ አልከፈታቸውም። ውስጣቸው የነበረው ብዙው የሌላዋ ፔጆ፣ የ504 ዕቃ ነው፤ እሱ መርካቶም ድሬም ተፈልጎ አይጠፋም። የ404 የራሷ የሆነው፣ ዛሬ የማይገኘው፣ የፊት መስታወቱ ዙሪያ ክሮም፣ የኋላ መብራቶቹ፣ ከመሪው ጎን ያለው የማርሽ ዘንግ መያዣ፣ የለም። ዲፈረንሻሉ፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎቹ የሚያካፍለው፣ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ሲከፈት ባዶ። የ404 ዲፈረንሻል ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ የነሐስ ጥርስ የሚያዞርበት ዓይነት ነው፣ ከሌላ መኪና አውጥተህ ዝም ብለህ የምትከተው አይደለም። ሥራው የቆመው እዚያ ጋ ነበር። አንድ ጊዜ ሸጠውታል ማለት ነው፣ ወይ ለሌላ ታክሲ አውሰውታል። ሻጩ «ረሳሁት» ነው ያለው። ሠላሳ ዓመት የነዳት መኪና ዲፈረንሻል የሚረሳ ሰው እኔ አላውቅም።

ሞተሩንም እንዲሁ እዩት። የ404 ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ አሉሚኒየም ነው፣ ከልክ በላይ ከሞቀ ይጣመማል። ተላጭቶ ተላጭቶ ያለቀ ከሆነ ጓርኒሶን፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ብትቀይሩ ጥቅም የለውም። ፒስተኑ የሚመላለስባቸው ሲሊንደሮች ደግሞ ከብሎኩ ተነጥለው የሚወጡ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ውሃ ነው የሚያገኛቸው። ይኼ ለጥገና በጣም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ቴስታታው ወርዶ ሳለ አንድ ሰው «ትዞራለች እንዴ?» ብሎ ሞተሩን ካዞረው ሲሊንደሮቹ ከመቀመጫቸው ይነቃነቃሉ፣ ከታች ያለው ማሸጊያ ይለቃል፣ በኋላ ስትገጥሙት ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል። ክዳኑ የተነሣ ሞተር «ይዞራል» ብሎ የሚያሳያችሁ ሻጭ እያበላሸው መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ሰውነቷን በማግኔት ፈትሹ። ቀለሙ እንዳይጫር በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ሥር፣ የጎማ ቤቱ ዙሪያ፣ ከኋላ ክንፎቿ በታች አሳልፉት። ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን አንሡ፣ ወለሉን በካቻቪቴ ነካ ነካ አድርጉት። 404 እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላትም፣ ሰውነቷ ራሱ ነው የሚሸከማት። ስለዚህ ወለሉና የበሩ ሥር ከበሰበሰ የላሜራ ሥራው የውበት ጉዳይ አይደለም። «ፕራይመር የተቀባች፣ ለቀለም ዝግጁ» የሚባለውን እኔ ከዛገችዋ በላይ ነው የምፈራው፤ የዛገችው ቢያንስ ያለባትን ታሳያለች። የድሬ ደረቅ አየር ብረት አይበላም እያሉ ያጽናኗችኋል። ልክ ነው፣ ግን መኪናዋ ከዚህ በፊት ጅቡቲ፣ ጨዋማ የባሕር አየር ውስጥ፣ ስንት ዓመት እንደቆየች ማን ነገራችሁ?

አሁን ወደ ወረቀቱ። እውነት ለመናገር መኪናዋን ሳታዩ ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል።

ሊብሬው በማን ስም ነው? የእህቴ ባል የገዛት መኪና በሻጩ አባት ስም ነበረች፣ አባትየው ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል። ሻጩ አባቱ በሕይወት ሳሉ የሰጡትን ውክልና ነው ያሳየው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው በደንቡ ያበቃል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ማህተም ምንም ያህል ቢያምር። እንዲህ ያለችው መኪና የምትሸጠው ወራሾቹ በፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን አረጋግጠው ሁሉም ሲፈርሙ ነው። ሻጩ ቤት ወንድምና እህቶች ሞልተዋል፣ አንዷ ውጭ አገር ናት፣ አንዱ ደግሞ «የአባቴ መኪና አይሸጥም» ብሎ ከወንድሙ ጋር ተኳርፏል። በእውነት እሱን አልወቅስም።

ሌላው የሞተር ቁጥር ነው። የ504 ሞተር 404 ላይ ይገጥማል፣ ብዙ ታክሲዎችም ያንን አድርገው ነው እስከ ዛሬ የሄዱት። ለመንዳት ችግር የለውም። ስም ሲዛወር ግን የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ ካልገጠመ እዚያው ትቆማላችሁ። የሁለቱንም ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ አምጣ በሉት። ቦሎ ሳይታደስ የቆየችበትን ጊዜ ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ይጻፍ። ታክሲ ከነበረች ደግሞ ወደ ቤት መኪና መቀየሩ የራሱ ጣጣ አለውና አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ውሉን አንብቡት። «ባለችበት ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፣ ደላሎቹ ከሚያመጡት ቅጽ ላይ አትጠፋም። የእህቴ ባል ስለ ዲፈረንሻሉ ሊከራከር ሲሄድ ያነበቡለት እሷን ነው። ጅምር መኪና ስትገዙ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ፣ የጎደለውም ተጽፎ፣ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ሻጩ «በመሃላችን እምነት አለ፣ ምን ዝርዝር ያስፈልጋል?» ካለ ይኼኛው መልስ ራሱ ይበቃችኋል። ቀብዱን ደግሞ ዋዛ አታድርጉት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል። ደላላው «ሌላ ገዢ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው» እያለ የሚያጣድፋችሁ ለዚህ ነው፤ አንዴ ከከፈላችሁ በኋላ ከረጢት ስትከፍቱ ብትደነግጡም የምታጡት እናንተ ናችሁ።

ስለ ዋጋ ትንሽ ልበል። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ሁሉ «ክላሲክ» ሆኗል። ሻጩ እስከ ዛሬ ያፈሰሰባትን ብር፣ ላሜራ ሠሪው የበላውን ጭምር፣ ይደምርና ያንን ይጠራላችኋል። ብዙዎቹ ሌባ አይደሉም፣ መኪናዋን ከልባቸው ስለሚወዷት ነው። ግን የሱ ወጪ የእናንተ ዕዳ አይደለም። እናንተ ከላይ ወደ ታች አስቡ፤ ተጠናቃ ብትቆም ስንት ታወጣለች፣ ከዚያ ላይ የጎደለውን ዕቃ፣ የላሜራና የቀለሙን፣ የሞተሩን፣ የወረቀቱን ቀንሱ። የማይገኝ ዕቃ ካለ፣ ለእሱ ዋጋ ልታወጡለት ስለማትችሉ፣ ዕቃው በእጃችሁ እስኪገባ አትግዙ። ቀሪው አነስተኛ ቁጥር ከሆነ እሱ ነው ዋጋዋ፣ ሻጩ ይቆጣ።

ደላላው የሚያመጣላችሁን መካኒክ አትቀበሉ፣ ኮሚሽን አለው። ሐረር ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፔጆ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አባቶች አሁንም አሉ፣ ባጃጁ ሥራቸውን ቢወስድባቸውም። ሸዋ በር አካባቢ የቆዩ የታክሲ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ወደ እነሱ ይመሯችኋል። የቀን ሒሳባቸውን ከፍላችሁ ውሰዷቸው። መኪናዋን ቀድመው የሚያውቋት ከሆነም ዲፈረንሻሏ መቼና ለማን እንደተሸጠ ሳይቀር ይነግሯችኋል።