ዱቄት፣ ዋሽ፣ የዘይት ቀለም ወይስ ኤርብራሽ? ሞዴል ባቡራችሁን ለማቆሸሽ የቱን ትገዛላችሁ

ሞዴል ባቡር ከካርቶኑ ሲወጣ ያው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው፣ እውነተኛው ባቡር ደግሞ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ጥቀርሻና አቧራ ለብሶ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ዌዘሪንግ (ሞዴሉን ያገለገለ አስመስሎ ማቆሸሽ) ልጀምር ብሎ ሱቅ የገባ ሰው (ወይ ማታ ማታ ኦንላይን የሚያስስ) መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ ይጠብቀዋል። ቫሌሆ አለ፣ ኤኬ አለ፣ አሞ አለ፣ ታሚያ፣ ሀምብሮል፣ ፓንፓስቴል፣ ሁሉም "ዝገት" የሚል ነገር ይሸጣል፣ የአንዱ ዝገት ዱቄት ነው የሌላው ፈሳሽ፣ ዋጋቸውም አይገናኝም፣ ሰውም ግራ ሲገባው ከሁሉም አንዳንድ ይገዛና ግማሹ መሳቢያ ውስጥ ይደርቃል።

እኔ ከብራንዱ በፊት ቆሻሻውን እዩት ነው የምለው። እዛ ቦታ ላይ እንዴት ደረሰ? በንፋስ መጥቶ ያረፈ ደረቅ ነገር ከሆነ፣ አቧራም ይሁን ሲሚንቶ ወይ የእህል ብናኝ፣ በዱቄት ነው በቀላሉ የሚመጣው። ፈሶ የወረደ ከሆነ፣ ማለትም ዝናብ ያወረደው ዝገት፣ ከታንከሩ አፍ የተንጠባጠበ ናፍጣ፣ ዘይት ምናምን፣ ዋሽ (በጣም የቀጠነ ፈሳሽ ቀለም) ወይ የዘይት ቀለም ይፈልጋል። ከጭስ ማውጫ የተተፋ ጥቀርሻና ባቡሩ ሲሮጥ ከስር እየተረጨ የሚለጠፈው ቡናማ ነገር ደግሞ የኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ ትንሽ መርጫ) ሥራ ነው። ይሄን ከያዛችሁ ግማሹን መደርደሪያ ማለፍ ትችላላችሁ።

ከዱቄት እንጀምር፣ ለጀማሪ የሚቀለውም እሱ ስለሆነ። ሶስት ዓይነት ነው በብዛት የሚገኘው። የታሚያ ዌዘሪንግ ማስተር ልክ እንደ ሜካፕ ሳጥን ነው፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሶስት ቀለም ከነስፖንጁና ከነብሩሹ፣ ዱቄቱ ትንሽ እርጥበት ነገር ስላለው ፕላስቲኩ ላይ ጥሩ ይይዛል፣ አይቦንም። ለባቡር ከሆነ ቢ የሚለውን ስብስብ ግዙ፣ በረዶ፣ ጥቀርሻና ዝገት ነው ያለው፣ በረዶውን ባትፈልጉትም ሁለቱ ብቻ ዋጋውን ያወጣሉ። ዲ የሚለው የተቃጠለ ሰማያዊና የተቃጠለ ቀይ ምናምን ነው፣ ለሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ያምር ይሆናል እንጂ ለፉርጎ ምንም አያደርግላችሁም። ሁለተኛው እንደ ቫሌሆ፣ ኤኬና አሞ ያሉት በ35 ሚሊ ጠርሙስ የሚሸጡት ልቅ ዱቄት ነው፣ አንድ ጠርሙስ ለስንት ፉርጎ ይበቃል መሰላችሁ፣ ዓመታት ያቆያል፣ ችግሩ ይቦናል፣ ጠረጴዛውን ያለብሳል፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ አይዝም፣ መጀመሪያ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ መንፋት ግድ ነው። ሶስተኛው ፓንፓስቴል በመሠረቱ የሰዓሊ ዕቃ ነው፣ በ9 ሚሊ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ይመጣል፣ በስፖንጅ ይቀባል፣ አይቦንም፣ ቀለሙም በጣም ብዙ ምርጫ አለው፣ ግን አንድ በአንድ ስትገዙት ዋጋው ቶሎ ይደመራል። ብዙ ፉርጎ በአንዴ ለሚሠራ ሰው እኔ ፓንፓስቴልን እመርጣለሁ፣ ሶስት አራት ፉርጎ ላለው ታሚያ ይበቃዋል፣ ልቅ ዱቄቱን ደግሞ ፉርጎው ውስጥ የሚጫን ሲሚንቶ ወይ አሸዋ ለማስመሰል ብትይዙት ነው የሚሻለው።

የዱቄት ትልቁ ጥቅም መመለስ መቻሉ ነው፣ ቫርኒሽ ካልነፋችሁበት በእርጥብ ጨርቅ አብዛኛው ይለቃል። ትልቁ ጉዳቱም እዚሁ ጋ ነው፣ በጣት ስትነኩት ይነሳል፣ እንዳይነሳ ቫርኒሽ ስትነፉበት ደግሞ የሚታየው ነገር በጣም ይደበዝዛል፣ በተለይ ነጣ ያሉት ቀለሞች ድራሻቸው ይጠፋል። ስለዚህ ወይ አብዝታችሁ ቀቡና ንፉ፣ ወይ ሳትነፉ ተውትና ፉርጎውን ከስር ያዙ።

ወደ ፈሳሹ ስንመጣ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም "ዋሽ" አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። አክሪሊክ ዋሽ (የቫሌሆ ሞዴል ዋሽ ለምሳሌ) በውሃ የሚሠራ ነው፣ አይሸትም፣ ልጆች ያሉበት አፓርታማ ውስጥም ይሠራል፣ ግን በደቂቃዎች ይደርቅና ሰፊና ጠፍጣፋ የፉርጎ ጎን ላይ የቡና ሲኒ ሥር እንደሚተወው ያለ ቀለበት ይተዋል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። ኤናሜል ዋሽ (በውሃ ሳይሆን በቲነር የሚቀጥነው፣ ኤኬ፣ አሞ፣ ሀምብሮል አላቸው) ይሸታል፣ መስኮት መክፈት ግድ ነው፣ በምላሹ ግን ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ቀብታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመልሳችሁ በዋይት ስፒሪት በራሰ ብሩሽ ታስተካክሉታላችሁ። ለቦጊ (ጎማዎቹን የያዘው የስር ክፍል)፣ ለፍርግርግ፣ ለብሎን ዙሪያ፣ ማለትም ጎድጓዳ ለበዛበት ቦታ አክሪሊኩ ይበቃል። ለጎን ግድግዳ ኤናሜል።

ግን እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ትቼ ቱቦ የዘይት ቀለም ግዙ ነው የምላችሁ፣ ሰዓሊ የሚገዛውን ተራውን። በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ)፣ በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማ) እና ጥቁር፣ በቃ፣ ነጭ ብትጨምሩ ደግሞ ሙሉ ነው። ሰዓሊዎች ከሚገዙበት ሱቅ ስለሚገኝ የሆቢ ሱቅ በሌለበት ከተማ ያላችሁም አትቸገሩም። አሠራሩ፣ ቀለሙን መጀመሪያ ካርቶን ላይ አውጥታችሁ ለጥቂት ሰዓት ተውት፣ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ይሄን ካልዘለላችሁት ማት ሆኖ ቶሎ ይደርቅላችኋል፣ ከዘለላችሁት ግን እያብረቀረቀ ለቀናት ይቆያል። ከዛ በጣም ትንሽ ነጥብ ዝገት ሊጀምርበት የሚችልበት ቦታ ላይ (በር ማጠፊያ፣ መሰላል ሥር፣ የጣራ ጠርዝ) ታስቀምጡና በቲነር እርጥብ ባለ ጠፍጣፋ ብሩሽ ወደታች ብቻ ትስባላችሁ። ወደታች ብቻ! ዝናብ ወደ ጎን አይወርድም። ያላማራችሁን ጠርጉት፣ እንደገና ሞክሩ።

ቲነር ስል ሽታ የሌለውን የሰዓሊ ቲነር ወይ ዋይት ስፒሪት ማለቴ ነው። አገር ቤት የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ቲነር ሞዴሉ ላይ ብታስጠጉት ፕላስቲኩን ራሱን ነው የሚበላው። አልኮልም ቢሆን የአንዳንድ ፋብሪካ ቀለምና ጽሑፍ ያነሳል፣ ምንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት ከስር በማይታይ ቦታ ሞክሩ።

ኤርብራሽ ጋ ስንደርስ ብሩን እናውራ። ኤርብራሹ ራሱ፣ ታንክ ያለው ኮምፕረሰር፣ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ የውሃ ማጥመጃ፣ ቱቦ፣ ማስክ፣ ከተቻለ ጭሱን የሚስብ ሳጥን፣ ሲደመር ከላይ የጠራኋቸው ሁሉ ተደምረው አይደርሱበትም። ዋጋው ይገባዋል? ስፕሬዩ ከስር ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየሳሳ የሚጠፋበትን መልክ በሌላ ነገር በደንብ ማምጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ብዙ ሎኮሞቲቭ ላለው ሰው አዎ። አራት ፉርጎና አንድ ሎኮሞቲቭ ላለው ሰው ግን አይገባውም፣ ሥራው አምስት ደቂቃ ጽዳቱ ግማሽ ሰዓት ነው። ከገዛችሁ ዱብል አክሽን (አየሩንና ቀለሙን ለየብቻ የምትቆጣጠሩበትን) ግዙ፣ መርፌው 0.3 ሚሊ አካባቢ፣ ግፊቱን ከ1 እስከ 1.5 ባር አድርጉ። ኮምፕረሰሩ ርካሽ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ኤርብራሹ ግን መለዋወጫው የሚገኝ ይሁን፣ ኢዋታ ከጃፓን፣ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ከጀርመን፣ ባጀርና ፓሼ ከአሜሪካ፣ አንዱን ያዙ። ኮምፕረሰር የማይፈልጉት ባትሪ ያላቸው ትንንሾቹ ያጓጓሉ፣ ግን አብዛኞቹ ግፊቱን እንደልብ አያስተካክሉላችሁም፣ ዌዘሪንግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የግፊት ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር፣ ሎኮሞቲቭ በኤርብራሽ ስትነፉ ቆሞ አይሁን። ኤሌክትሪክ ሰጥታችሁ ጎማው እየዞረ ንፉት፣ አለበለዚያ የእንፋሎት ሎኮሞቲቩን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ የሸፈነው ቦታ ንጹህ ሆኖ ይቀርና ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ያስቃል። ከዛ ሀዲዱን የሚነካውን የጎማ ገጽና ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ክፍል በአልኮል ጥረጉ። ዱቄት ጥርሱ (ጊሩ) ውስጥና ስፒከሩ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቁ።

አሁን የትኛው ባቡር የቱን ይፈልጋል። እንፋሎት ከሆነ ጣራው ጥቀርሻ ነው፣ ከሴፍቲ ቫልቭና ከቦይለሩ ማጠቢያ ክዳኖች ሥር ደግሞ ውሃው ያስቀረው ነጭ የኖራ መስመር ይወርዳል፣ እሱ ሳይኖር እንፋሎት ሎኮሞቲቭ ውሸት ይመስላል፣ በነጭ ዘይት ቀለም በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ሳቡት። ናፍጣ ከሆነ ጭስ ማውጫው ዙሪያና የነዳጅ መሙያው ሥር። ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ጎኑ ንጹህ ሆኖ ጣራው ነው የሚቆሽሸው፣ ፓንቶግራፉ (ከላይ ካለው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ) ሽቦውን ሲያሽ ካርቦንና መዳብ ያራግፋል፣ ስለዚህ ጣራው ላይ ዱቄት፣ ጎኑን ተውት።

ፉርጎ ላይ ወሳኙ ዘመኑ ነው። ድሮ የፍሬኑ ጫማ ቀልጦ ከሚፈስ ብረት (ካስት አይረን) ስለነበር የሚሠራው ብናኙ ዝጎ ቦጊውንና የታችኛውን ክፍል ሁሉ ቡናማ ያደርገዋል። ጀርመን ግን ጫጫታ ያላቸውን እነዚህን ፉርጎዎች ከ2020 ዲሴምበር ጀምሮ ስለከለከለች አሁን አውሮፓ ከሚሮጡት ብዙዎቹ በኮምፖዚት (ከድብልቅ ቁስ በተሠራ) ፍሬን ናቸው፣ ያንን ያህል ቡናማ አይለብሱም። የ1970ዎቹን ፉርጎ የምትሠሩ ከሆነ የዝገት ቀለም ግዙ፣ የዛሬውን ከሆነ ግራጫና አቧራ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። አሜሪካ ደግሞ አሮጌው በዘይት የሚሠራው ቤሪንግ (ኩሽኔታ) ጎማው ፊት ላይ ዘይት ይረጫል፣ ጥቁርና ቅባታም ይሆናል፣ ሮለር ቤሪንግ ያለው ጎማ ግን ደረቅ ዝገት ነው፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት የቀባ ሰው ሞዴል ቶሎ ይታወቃል።

የእኛውን የድሮ የጅቡቲ መስመር ልሥራ የምትሉ ካላችሁ (ሀዲዱ አንድ ሜትር ስለሆነ በ1:87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰው መጠን፣ የ12 ሚሊ ሀዲድ ነው የሚሆናችሁ) የድሬዳዋን ዓይነት መልክ የሚያመጣው ዝገት ብቻ አይደለም፣ ፀሐይ የበላው ቀለም ነው። የሎኮሞቲቩን የራሱን ቀለም ከነጭ ጋር ቀላቅላችሁ በጣም አቅጥናችሁ ስስ አድርጋችሁ ደርቡበት፣ ከዛ አሸዋማ ዱቄት ከታች።

ፋብሪካ ያቆሸሸውን ብገዛስ? አንዳንድ አምራቾች እንደዛ አድርገው ይሸጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታች አንድ ወጥ ቡናማ ነፍተው ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ እንደ መነሻ ተቀበሉትና በላዩ ላይ ዘይት ቀለም ጨምሩ። ውድ ሎኮሞቲቭ አንድ ቀን እሸጠዋለሁ ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ንጹሁን ከነካርቶኑ ነው።

ዲቴሊንግ (ጥቃቅን ክፍሎችን ማሻሻል) ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን አንድ ግዢ አለ ከየትኛውም ቀለም በላይ ለውጥ የሚያመጣ፣ 0.3 ሚሊ የነሐስ ሽቦና የእጅ ድሪል። ብዙ ርካሽ ሞዴል ላይ ያለው የፕላስቲክ የእጅ መያዣ በ1:87 ስታስቡት የሰው ክንድ ነው የሚያክለው፣ 0.3 ሽቦ ግን 26 ሚሊ ሆኖ ይወጣል፣ የእውነተኛ መያዣ ውፍረት ማለት ነው። የሞዴሉ መስኮት አጠገብ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ጭሱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ ነጭ የእንጨት ሙጫ ይበቃል። ከሎኮሞቲቩ ጋር በፌስታል የሚመጡትን የፍሬን ቱቦዎች ደግሞ ጠባብ ኩርባ ካላችሁ ፊት ለፊት ብቻ ግጠሙ፣ መጎተቻው ባለበት በኩል ከገጠማችሁት ፉርጎው ሲዞር ይጋጫል።

ለአሁኑ አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብትሉኝ፣ የታሚያ ቢ፣ ሶስት ቱቦ ዘይት ቀለም፣ አንድ ጠርሙስ ሽታ የሌለው ቲነር፣ አንድ ማት ቫርኒሽ፣ እና መለማመጃ የሚሆን ያገለገለ ፉርጎ፣ አንድ ነገር ባይሆንም እሱን ነው የምለው። አዲስ አበባ ላለ ሰው በሻንጣ የምትልኩ ከሆነ ዱቄቱ፣ የዘይት ቀለሙና አክሪሊኩ ብዙም አያስቸግሩም፣ የቀለም ስፕሬይ፣ ኤናሜልና ቲነር ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በእጅም በሚጫንም ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም፣ ማት ቫርኒሹን በብሩሽ የሚቀባውን በውሃ የሚሠራ አድርጋችሁ ላኩ፣ ቲነሩን እዛው ሽታ የሌለውን ፈልጎ ይግዛ።