ግልገል በጡጦ ለምታሳድጉ፦ ስለ ቀዩ የጡጦ ጫፍ

በቀጥታ ልጀምር። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ግዙት። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ «ላኩልኝ» በሉ፣ እኔም ያገኘሁት እንደዚያው ነው። ግን ዕቃው ብቻውን ግልገል አያድንም። ይህን ያወቅኩት አንድ ግልገል ከሞተብኝ በኋላ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል ነው። ግቢያችን ውስጥ ሰባት የመንዝ በጎች አሉ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ሲወለድ ብዙ ጊዜ 2 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እርጥብ ሆኖ የተወለደና እናቱ ያልላሰችው ግልገል በዚያ ብርድ ብዙ ጊዜ የለውም።

አምና ታኅሣሥ ላይ አንዷ በግ መንታ ወለደች። የመጀመሪያ ወሊዷ ነበር። አንዱን ላሰችው፣ አጠባችው። ሁለተኛውን አሸተተችና በግንባሯ ገፋችው። መልሰን አስጠጋነው፣ መልሳ ገፋችው። በሦስተኛው ጊዜ ከግድግዳ ጋር አጋጨችው። ወደ ቤት አስገባሁት።

ቤት ውስጥ የልጄ የድሮ ጡጦ ነበረ። ወተት አሙቄ ሞላሁት፣ ግልገሉን እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝቼ አቅፌ አጠባሁት። ጡጦው ቶሎ ስላለቀ «ጎበዝ» እያልኩ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ እየጠባ አልነበረም፣ እየፈሰሰበት ነበር። በአፍንጫው አረፋ ወጣ። አሳለው። በማግስቱ ትንፋሹ ይንኮራኮር ጀመር፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካርቶኑ ውስጥ ሞቶ አገኘሁት። የእንስሳት ሐኪሙ «ወተት ሳንባው ገብቷል» አለኝ። ያን ጠዋት እስካሁን አልረሳሁትም።

የሰው ልጅ ጡጦ ለግልገል የማይመቸው በሁለት ምክንያት ነው። ጫፉ አጭርና ወፍራም ስለሆነ ትንሽ አፍ በደንብ አይዘውም። ቀዳዳው ደግሞ ሲያረጅ ይሰፋል። በዚያ ላይ አያያዜም ልክ አልነበረም። ግልገል የሚጠባው ቆሞ፣ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ፣ ራሱን ትንሽ ቀና አድርጎ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሲጠባ ሆዱ መግቢያ ላይ ያለ ቦይ መሰል ነገር ይገጥምና ወተቱ ትልቁን ሆድ አልፎ ወተት ወደሚፈጨው አራተኛው ክፍል ይሄዳል። በጀርባው ተኝቶ ሲጋት ግን ወተቱ መንገድ ይስታል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ እያለቀስኩ ነገርኳት። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እዚያ ካለ የእርሻ ዕቃ ሱቅ ጠይቃ ሁለት ጫፎች ገዛችና ሰው ሲመጣ ላከችልኝ። አንዱ 3 ዶላር ገደማ ነው አለችኝ። ፈረንጆቹ «ፕሪቻርድ» ይሉታል።

ሲያዩት ተራ ነገር ነው የሚመስለው። ታችኛው ክፍል ቢጫ ፕላስቲክ ነው፣ እንደ ክዳን ጠርሙስ ላይ ይጠመዘዛል። ላዩ ቀይ ላስቲክ ነው፣ ለስላሳ፣ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ከእናት በግ ጡት ጋር የሚቀራረብ። ቢጫው ላይ አየር ማስገቢያ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ ውስጧ ደግሞ የምትንቀሳቀስ ትንሽዬ ኳስ ተቀምጣለች። ግልገሉ ሲጠባ በዚያች በኩል አየር ይገባል፣ ወተቱ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይታያችኋል። አየር ባይገባ ላስቲኩ ተጣብቆ ይቀራል፣ ግልገሉም ደክሞት ይተወዋል። ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ነገር ያቺ ኳስ ናት። ፍጥነቱን የሚወስነው ግልገሉ ይሆናል እንጂ ጠርሙሱን የያዘው ሰው አይደለም።

ሌላው ጥቅሙ ጠርሙስ መግዛት አለመፈለጉ ነው። የኮካ ወይም የፔፕሲ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሃይላንድ ላይ ስሞክረው ግን አንዳንዱ ገጠመ፣ አፉ ሰፋ ያለው አልገጠመም፣ በጎን እያንጠባጠበ እጄን ሞላው። የለስላሳውን ጠርሙስ ያዙ፣ አይቸግራችሁም።

ስትገዙት ጫፉ ድፍን ነው። በመቀስ የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ከጫፉ በጣም ትንሽ ብቻ ቁረጡና ውሃ ሞልታችሁ ጠርሙሱን ድፉት። ጠብ፣ ጠብ ማለት አለበት። ከወረደ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ለአራስ ግልገል አይሆንም። ሁለት ግዙ የምለውም ለዚህ ነው። አንዱን በጠባቡ ቁረጡና ለመጀመሪያው ሳምንት ያዙት፣ ሌላውን ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ጉልበት ሲያገኝ ትለውጡለታላችሁ።

አሁን የዘንድሮውን ላውራችሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ ያችው በግ እንደገና መንታ ወለደች፣ እንደገናም አንዱን ገፋች። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ትንሽ ወንድ ነው። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ድንጋይ። አፉ የቀዘቀዘ ግልገል ወተት አይሰጠውም፣ ሆዱ አይሠራማ። መጀመሪያ መሞቅ አለበት። በጆንያ ጥርግ አድርጌ አደረቅኩት፣ እትብቱን አዮዲን ነከርኩት፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ሸፍኜ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታስቀምጡት፣ እሱንም እናንተንም ይገድላል። ቴርሞሜትር ካላችሁ በፊንጢጣው ለኩ። ጤነኛ ግልገል ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 በታች ከሆነ ሐኪም ጥሩ እንጂ ጡጦ አታንሱ።

እሱ እስኪሞቅ ባለቤቴ እናቲቱን ያዘልኝ፣ እኔ እንገሩን አለብኩ። ቢጫ ነው፣ እንደ ማር የሚሳብ። ዕቃው ብቻውን አያድንም ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። የበግ ልጅ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ በሽታ መከላከያ አይወስድም፣ ባዶውን ነው የሚወለደው። የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የዓለም ምርጥ ጡጦ ብታመጡ አይተካውም። ልኩ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ለእኔ ግልገል በአንድ ማጥባት አንድ ሲኒ ተኩል ገደማ ማለት ነው።

እንገር ቤት ውስጥ ተቀቅሎ ሲበላ እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ፣ እኔም እወዳለሁ። ግን አንድ ብርጭቆ አስቀሩ። በትንሽ ሃይላንድ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታኖሩት ሌላዋ በግ ወልዳ ስትሞት ወይም ጡቷ ሲደርቅ ይደርስላችኋል። ስታቀልጡት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት እንጂ እሳት ላይ አትጣዱት፣ ከፈላ ጥቅሙ ይጠፋል።

አፉ ሞቀ። አቆምኩት። ጫፉን አስያዝኩት፣ ያላምጠዋል እንጂ አይጠባም። ጎረቤታችን ያሉ እናት ድምፅ ሰምተው ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ጭራውን ከሥሩ ዳበስ ዳበስ አድርጊው፣ እናቱ እንዲያ ነው የምታደርገው» አሉኝ። በአንድ እጄ ዓይኑን ከለል አድርጌ በሌላው ጠርሙሱን ያዝኩ፣ እሳቸው ጭራውን ሥር ሥሩን ዳበሱለት። አንዴ ሳብ አደረገ። ቆመ። ደግሞ ሳብ አደረገ። ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ያቺ አረፋ ቡልቅ አለች፣ ጭራውም ይርገበገብ ጀመር። ጭራው ከተርገበገበ ወተቱ እየደረሰው ነው። «እሰይ! በቃ ይድናል» አሉ። እኔ እንባዬ መጣ።

መሞቅም ሆነ መቆም ጨርሶ ለማይችል፣ የመጥባት ፍላጎት ለጠፋበት ግልገል ይህ ጫፍ አይረዳም። ለሱ በቱቦ ሆዱ ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል፣ ያንን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሥራው። በግድ አፉን ከፍታችሁ አታፍስሱበት።

ስለ ወተቱ ደግሞ። አንድ ሱቅ ገብቼ የጥጃ ዱቄት ወተት ነው ተብዬ ከከረጢት እየተቀዳ በፌስታል ታስሮ ተሸጠልኝ። ጽሑፍ የለው፣ ልክ የለው፣ መቼ እንደሚበላሽ አይታወቅ። በሁለተኛው ቀን ግልገሉ አስቀመጠው። ስጠይቅ «ሁሉም አንድ ነው» ተባልኩ። አንድ አይደለም። ለጥጃ የተዘጋጀ መኖ ውስጥ መዳብ ሊጨመርበት ይችላል፣ በግ ደግሞ ከሌሎቹ ከብቶች ይልቅ በመዳብ ቶሎ ይመረዛል። ማሸጊያው ላይ ምን እንዳለ ማንበብ ካልቻላችሁ አትግዙ። እኔ ወደ ላም ወተት ተመለስኩ። የበግ ወተት ስቡ ከ6 እስከ 7 በመቶ ነው፣ የፈረንጅ ላም ወተት 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ የላሙ ቀድሞውኑ ስስ ነው። ውሃ አትጨምሩበት። ስኳርም አታድርጉበት። ከምታውቋት ላም በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ለብ ያለ፣ የእናት ጡት ሙቀት ያህል።

በቀን ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ እየሰጠሁ ነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለአምስትና ለስድስት ከፍዬ፣ ሌሊትም እየተነሳሁ። ከዚያ ወደ አራት፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ሦስት ዝቅ አደረግኩ። እያለቀሰ ተከትሏችሁ ቢዞርም አትጨምሩለት። ብዙ በአንዴ ከጠጣ ሆዱ ይነፋል፣ የተነፋ ሆድ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ማጥባት ስትጨርሱ ጎኑን ዳስሱት። ሞላ ብሎ ቀጥ ያለ ጎን ይበቃዋል፣ ከበሮ መምሰል የለበትም። በሁለተኛው ሳምንት ለስላሳ ድርቆሽና ውሃ አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ መጀመሪያ ይጫወትበታል፣ ቆይቶ ያመነዥካል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አስቸጋሪው እጥበቱ ነው። የወተት ቅባት ላስቲኩ ውስጥ ይለጠፋል፣ በኳሷ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ይደርቃል። አንድ ቀን ሳላጥበው አድሬ ጠዋት ግልገሉ ይስባል ይስባል፣ ምንም የለም። ቀዳዳዋ ተደፍና ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዳጠባሁ ወዲያው ቀይና ቢጫውን ለያይቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ፣ ኳሷንም ነካ አድርጌ መንቀሳቀሷን አያለሁ። ፀሐይ ላይ አላሰጣውም፣ ላስቲክ ፀሐይ ይጠላል። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ በቀን ደጋግሜ ተጠቅሜበት ቀይዋ አልተሰነጠቀችም፣ ጫፏ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፣ ያ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ጡጦ ከማንሳታችሁ በፊት እናቲቱን ለማስማማት ሞክሩ። በግ ልጇን የምታውቀው በጠረኑ ነው፣ ያውም በወለደችባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት። የእንሽርት ውሃውን ግልገሉ ላይ ቀብታችሁ ጠባብ ቦታ አንድ ላይ ዝጓቸው፣ እሷን ያዙለትና ይጥባ። ገጠር ጥጃዋ የሞተባትን ላም ቆዳውን በገለባ ሞልተው እያስላሱ የሚያልቧት በዚሁ በጠረን ነገር ነው። ሌላዋ በጌ በሦስተኛው ቀን ተቀብላ ልጇን አሳድጋለች። ይህቺ ግን እንቢ አለች፣ እንቢ ነው።

ልጆች ካላችሁ ደግሞ ወንዱን ግልገል በግንባሩ እየገፉ እንዳይጫወቱበት ንገሯቸው። በሰው እጅ ያደገ ወንድ በግ ሰውን አይፈራም፣ ሙክት ሳይደረግ ቀንድ ሲያወጣ ሰው ይጥላል። እኛ ሳምንት ሲሞላው ቀን ቀን ከሌሎቹ ግልገሎች ጋር እናውለው ነበር፣ ለጡጦ ብቻ እጠራዋለሁ።

አሁን ሣር ይግጣል፣ ድምፄን ሲሰማ ግን ከመንጋው ተነጥሎ ይመጣል። ሁለቱ ጫፎች ታጥበው ወጥ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው። አንዱን ለጎረቤታችን ልሰጣቸው ነው፣ ያረገዘች በግ አለቻቸው። እህቴን አራት እንድትጨምር ነግሬያታለሁ።