የላም በረት ወለል ሲመርጡ፦ ሊሾ፣ ቦይ የወጣለት ኮንክሪት፣ የጎማ ምንጣፍ ወይስ አሸዋ?

የወተት ላም በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ትፈልጋለች። በቀረው ጊዜ ትበላለች፣ ትቆማለች፣ ትራመዳለች። መኝታዋ ለስላሳና ደረቅ መሆን አለበት፤ መራመጃዋ ደግሞ እግር የሚይዝና በቀላሉ የሚጸዳ። ስለዚህ ለበረቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ወለል መግዛት ከመነሻው የተሳሳተ ሒሳብ ነው። ይህ ንጽጽር በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በመሳሰሉት አካባቢዎች ጥቂት ዲቃላ ላሞች አስረው ወይም በጠባብ ግቢ ለቀው ለሚያረቡ ነው።

ወለል ሰኮናን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በጠንካራ ወለል ላይ ክብደቱ በብዛት የሚያርፈው በኋላ እግሮች የውጭኛው ጣት ላይ ነው። ጫና የበዛበት ጣት ቶሎ ያድጋል፤ ባደገ ቁጥር ደግሞ የባሰ ክብደት ይሸከማል። በመጨረሻ የውስጡ አጥንት ሥጋውን ይጫነውና መርገጫው (የሰኮናው የታች ገጽ) ይቆስላል። በወሊድ ሰሞን አጥንቱን የያዙት ጅማቶች ስለሚላሉ፣ ላሟ ስትከሳም ከአጥንቱ ሥር ያለው ስብ ስለሚሳሳ አደጋው ያኔ ይከፋል። ሰኮና በወር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ቁስሉ የሚታየው ከ2 ወር ገደማ በኋላ ነው። ባለቤቱ ግን በዚያ ሳምንት የቀየረውን መኖ ይወቅሳል። (መኖም ነፃ አይደለም፤ ዱቄት በዝቶ ድርቆሽና ገለባ ሲያንስ ሰኮና ይታመማል።)

ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። ሽንትና እበት ውስጥ የሚውል ሰኮና ይለሰልሳል፣ ተረከዙ ይበላል፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ሲሰነጠቅም ጀርም ገብቶ ያበሰብሰዋል።

አፈርና ድንጋይ

አፈር ለእግር ይመቻል፣ ወጪም የለውም፤ ክረምት ሲገባ ግን በተለይ መረሬ መሬት ላይ ጭቃው ከሽንት ጋር ተቦክቶ ይከርማል። ሰኮናም ስለማይሞረድ ረዝሞ ይጠማዘዛል። ለደረቅ መናፈሻ ግቢ ጥሩ ነው፤ ለቋሚ ማሰሪያ አንመክረውም። የድንጋይ ንጣፍ ደግሞ ወጣ ገባ ከሆነ መርገጫን ይቀጠቅጣል፣ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ካልተሞላም እበት ይይዛል። ኮብልስቶን ከተመረጠ ለመተላለፊያ ብቻ ይሁን።

ሊሾ ወይስ ቦይ ያለው ኮንክሪት?

ሁለቱም «የሲሚንቶ ወለል» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ግንበኛው የቤት ወለል እንደለመደው ሊሾ ካደረገው፣ እበት ሲነካው ላሞች ይንሸራተታሉ። መውደቅ የፈራች ላም እርምጃዋን ታሳጥራለች፣ ሌላ ላም ላይ መውጣትም ትተዋለች። ድራቷ (ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ) በዚህ ምክንያት ሳይታወቅ ያልፍና አዳቃዩ ባለሙያ በሰዓቱ አይጠራም። የሊሾ ኪሳራ በወተት ብቻ አያበቃም፤ ጥጃም ያሳጣል።

በደንብ ለተጠቀጠቀ የድንጋይ ሙሌት 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይበቃዋል። ድብልቁ አንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ በ2 ሳጥን አሸዋና በ3 ሳጥን ጠጠር ነው፤ ሳጥኑ 40 በ50 በ18 ሳንቲ ሜትር። ወደ ሽንት መውረጃው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ። ጠፍጣፋ ከሆነ ሽንት ይቋጥራል፤ ከ4 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ ላሟ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። በፍራታዞ ከተስተካከለ በኋላ፣ ሳይጠነክር፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይወጣለት። የጠበበ ቦይ በእበት ይደፈናል፤ ከልክ በላይ የሰፋው ሰኮናን ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። በመጥረጊያ ብቻ ማሸከር ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ይበላል። ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ።

አዲስ ኮንክሪት እንደ ሞረድ ነው፤ ላሞች ወዲያው ከገቡበት መርገጫቸው በሳምንታት ውስጥ ይሳሳል። አስቀድሞ ከባድ ብሎክ እየጎተቱ ሹሉን መስበር፣ ደጋግሞም ማጠብ ያስፈልጋል። ሊሾ ያለው ሰው ማፍረስ የለበትም፤ በግራይንደር ቦይ ማስቆረጥ ይችላል። በላዩ ስስ ሲሚንቶ ማስደረብ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይላጣል።

ለመኝታ፦ ጎማ ወይስ አሸዋ?

የአንድ ላም መኝታ 1.2 በ1.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ላም አንድ ምንጣፍ ይበቃል። ውፍረቱ ከ17 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ በዚህ ልክ ያለው ወደ 45 ኪሎ ይመዝናል። ሚዛን ላይ ማውጣት የሻጩን ቃል ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ነው። ቀጭኑ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ሽንትም ከሥሩ ይገባል። ምንጣፉ ተነሥቶ እንዲታጠብ በማጣበቂያ ሳይሆን በፊሸርና በብሎን ይታሰር፤ የብሎኑ ራስ ወደ ላይ እንዳይወጣ። የአሮጌ ማጓጓዣ ቀበቶ ቁራጭ ርካሽ ቢሆንም ሲርስ ያንሸራትታል፣ ሽቦ ያለውም እያረጀ ሽቦው ይወጣል።

ጎማ ብቻውን መኝታ አይሆንም። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጉዝጓዝ ይፈልጋል፤ የስንዴ ገለባ ወይም ሰጋቱራ። የጤፍ ጭድ መኖ ስለሆነ ለዚህ ማዋል አያዋጣም። እርጥብ ሰጋቱራ የጡት በሽታ ያመጣል።

አሸዋ ለላሟ ከሁሉም የተሻለ መኝታ ነው፦ ቅርጿን ይይዛል፣ ንጹሕ ከሆነ ለጀርም አይመችም፣ ስትነሣም እግሯን ይይዝላታል። ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለመጀመሪያው ሙሌት በላም አንድ ሦስተኛ ሜትር ኩብ ገደማ ይጠይቃል፤ ይህም ግማሽ ቶን ያህል ነው። ከኋላ የሚያግድ ጠርዝ ያስፈልገዋል፣ በየጊዜውም ይሞላል። ጠጠሩ መነፋት አለበት። ቀይ አሽ ስለታም ስለሆነ ለመኝታ አይሆንም። ባዮጋዝ ያለው ሰው ደግሞ አሸዋን ይርሳው፤ ማብላያው ሥር እየዘቀጠ ቦታውን ይሞላዋል።

ምርጫችን

ለአብዛኛው አነስተኛ በረት፦ መራመጃው ቦይ የወጣለት ኮንክሪት፣ መኝታው ጎማና ጉዝጓዝ። አሸዋ በቅርብና በርካሽ ለሚያገኝ፣ ባዮጋዝም ለሌለው፣ መኝታው አሸዋ ይሁን። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቦዩን ያስቀድሙ፤ ምንጣፉ እስኪገዛ ወፍራም ጉዝጓዝ ይተካዋል። የወለሉ ዓይነት ምንም ይሁን በዓመት 2 ጊዜ ሰኮና መከርከም አይቀርም።

ከመክፈልዎ በፊት መኝታው ላይ በጉልበትዎ ዘፍ ይበሉ፤ ካመመዎ ላሟንም ያማታል። ከዚያ ተንበርክከው ግማሽ ደቂቃ ይቆዩ፤ ሱሪዎ ከረጠበ ጉዝጓዙ አልበቃም። ላሞቹ ከገቡ በኋላ የኋላ እግር መገጣጠሚያቸውን ይመልከቱ። ፀጉሩ ከተላጨ ወይም ካበጠ መኝታው ጠንካራ ነው። የፊት እግሮቿን መኝታው ላይ፣ የኋላዎቹን ሽንት መውረጃው ውስጥ አድርጋ የምትቆም ላም መኝታው አጥሯታል ወይም አልተመቻትም። ጀርባዋን አጉብጣ የምትራመደውን ግን ወለል ብቻውን አያድናትም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ሰኮናዋን አንሥቶ ይይላት።