ለካርቶን ሠሪ የሚሻለው የቱ ነው፦ ቦሌ ለሚ ወይስ ዱከም?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ግዢውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች ክሩን፣ ቁልፉንና መለያውን ብዙ ጊዜ የሚያስመጡት የባሕር ማዶ ገዢው ከመረጠላቸው አቅራቢ ነው። ለአገር ውስጥ አቅራቢ በቀላሉ የሚከፈተው በር ካርቶን ነው፤ እሱም ሳይፈተን አያልፍም። ባለ አምስት ንብርብር ካርቶን እንኳ በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ ካደረ እርጥበት ይስባል። ሲደራረብ የታችኛው ይጨማደዳል፤ ጅቡቲ እስኪደርስ ጠርዙ ይፈነዳል። በእንጨት ፓሌት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ መደርደር ግድ ነው። ሌላው ስጋት ገበያው ነው፦ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ስታስወጣ ጉዳቱ ከልብስ ሰፊዎቹ አልፎ ለእነሱ የሚያቀርበውንም ነክቷል።

በቻይና ባለሀብቶች የሚተዳደረው የዱከሙ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም አሉት። እነዚህ ውጭ አገር ያለ ገዢ እስኪፈቅድላቸው አይጠብቁም፤ ናሙና አይተው ራሳቸው መወሰን ይችላሉ። ዋጋ ላይ ግን አጥብቀው ይከራከራሉ፤ የክፍያው ቀን በውል ካልሰፈረ ገንዘቡ እዚያው ታስሮ ወረቀት መግዣ ይጠፋል። አቅሙ ገና ለሆነ ሠሪ ዱከም ይቀድማል፤ ሁለተኛ ማሽን ሲተክል ቦሌ ለሚን ያንኳኳ።