የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ዘመድ ላላችሁ የወሎ ሰዎች፦ ደሴ ያለችውን ሲስተር እወቁልኝ

ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ አለች። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ። ቤታችን እንዳይፈርስ ያደረገችው እሷ ናት።

ባለቤቴ አናጺ ነው። ኮምቦልቻ ሕንጻ ሲሠሩ ከርብራብ ላይ ወድቆ ራሱን ሳተ። ቁስሉ ቶሎ ዳነ። ሲቲ ስካኑም ደም አላሳየም ተባለ። ጎረቤቱ ቡና ጠጥቶ፣ ዱዓ አድርጎ፣ «እንኳን አላህ አተረፈው» ብሎን ሄደ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁ የማይሰማ ሰው በልጆች ጫጫታ ይጮህ ጀመር። ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት አያስታውሰውም። ሳንቃ ይለካል፤ ሜትሩን ሳያጥፍ ያንኑ ሳንቃ መልሶ ይለካል። ትንሽ ሠርቶ ይተኛል። አንዱ «ሰነፈ» አለ፣ ሌላው «ጫቱ ነው» አለ፣ «ዓይን ነው» ያለም አልጠፋ። እኔን ያመመኝ ግን «ጠባዩ ተበላሸ» የሚለው ነበር። የሰውየውን ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለማ!

አእምሮ ክፍል ውሰዱት ስንባል እናቱ «ልጄ አላበደም» ብለው አለቀሱ። ሲስተር እጃቸውን ይዛ «አዎ እናቴ፣ አላበደም። አንጎሉ ተጎድቶ ነው» አለቻቸው።

መጀመሪያ ያደረገችው በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት መዝጋት ነበር። ስልካችንንም አስጠፋችን። ከዚያ «ብርቱካን፣ ቁልፍ፣ በግ፤ እነዚህን ያዝልኝ» አለችው። ቀጥላ የበር መቃን እንዴት እንደሚገጠም ጠየቀችው። አንድም ሳይስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። «እስቲ ሦስቱን ቃላት?» ስትለው «ቁልፍ» ብቻ አለ። ቁርስ ምን እንደበላም ስትጠይቀው ዞሮ እኔን አየኝ። «አየሽ?» አለችኝ። «የቆየው እውቀት አለ። አዲሱን ይዞ ማቆየት ነው የከበደው።»

ከዚያ በሚገባን አማርኛ አስረዳችን። አንጎል ለስላሳ ነው። ሰው ሲወድቅ ራስ ቅሉ ቢቆምም አንጎሉ ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ከአጥንቱ ጋርም ይጋጫል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የፊተኛውና የጎኑ ክፍል ነው። ፊተኛው ንዴትን የሚገታ፣ ሥራን የሚያቅድ ነው። የጎኑ ደግሞ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው። ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮችም ይሳባሉ፣ ይበጠሳሉ። ይህ ብዙ ጊዜ በሲቲ አይታይም። ስለዚህ «ሲቲው ደህና ነው» ማለት አንጎሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህን ከሆስፒታል ስንወጣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሊነገር የሚገባ ነገር ነው እላለሁ።

ስለ አንድ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛም ነገረችን። ፊንያስ ጌጅ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1848 ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተረፈ፤ ጓደኞቹ ግን ያ የምናውቀው ጌጅ አይደለም አሉ። በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። «ሥራ ሠራ ማለት ነው?» ብሎ ደግሞ ጠየቃት። እሷም መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ፈጠን እንደሚል፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን እንደማይቆም ነገረችው።

ያዘዘችን ነገር ቀላል ነው። በሩ አጠገብ በምስማር የተንጠለጠለ ደብተር አለን፤ የቀኑ ሥራ እዚያ ይጻፋል፣ ያለቀው ይሰረዛል። ሁለት ነገር አንድ ላይ አላዘውም። ሳይደክም ያርፋል። ሲቆጣ አልመልስለትም፤ ልጆቹን ይዤ ወጣ እላለሁ። ጫት እንቅልፍ ስለሚነሳው፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የሚጥል በሽታ ስለሚያስነሳ ተወው አለችው። ተወው።

ጌጅም እ.ኤ.አ. በ1860 የሞተው በዚሁ በሚጥል በሽታ ነው። ከጉዳት በኋላ ወራት፣ ዓመታትም ቆይቶ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድማ ነግራን ነበር። እውነትም አንድ ሌሊት ጣለው። በጎኑ አስተኛነው፣ አፉ ውስጥ ምንም አልከተትንም። ጎረቤት ክብሪት ይዞ ሲሮጥ እናቱ ናቸው የመለሱት፤ «ሲስተር ክብሪት የለም ብላለች!» ብለው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል እንደሚያስሮጥም እናውቅ ነበር። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ አስገባችን፤ አሁን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል።

ባለቤቴ እንደ ድሮው ሆኗል አልልም። ከፍታ ላይ መውጣት ቀርቷል። ግን ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ በርጩማ ይሠራል፣ ይሸጣል። እኔ ስጨነቅ «አብሽሪ» የሚለኝ እሱ ሆኗል።

ሲስተር፣ ጀዛኪላህ ኸይር። እናቱም ከዱዓቸው አይለዩሽም።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ክፍሉ ስሙ አያስፈራችሁ። የድሮውን ሲቲና የሚወስደውን መድኃኒት ያዙ። ከጉዳቱ በፊት በደንብ የሚያውቀው ሰውም አብሮ ይሂድ፤ ብዙውን የምትጠይቀው እሱን ነው።