የስዊድን ሊበራሎች ፓርቲ፦ ከ5 ኮከብ 3

የምግብ ቤት አስተያየት ለጠበቃችሁ ይቅርታ፣ ዛሬ ፓርቲ ነው የምገመግመው። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚህ ምርጫ ሲደርስ ፓርቲዎቹ አደባባይ ላይ ትናንሽ ጎጆ ደርድረው አላፊ አግዳሚውን እንደ ባለሱቅ ይጠራሉ። ዋጋው አንድ ድምፅ ነው። ከገዛህ በኋላ ለአራት ዓመት መመለስ የለም።

በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሊበራሎቹ ጎጆ ጎራ አልኩ። መስተንግዶው ጥሩ ነው። ቡናው ቀጭን ነው፤ የሁሉም ፓርቲ ቡና እንደዚያው ስለሆነ ነጥብ አልቀነስኩም። ያነጋገሩኝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ስለ ግብር ጠየቅኳቸው፣ ስለ ትምህርት ቤት መለሱልኝ። ስለ ኑክሌር ኤሌክትሪክ ጠየቅኳቸው፣ አዎ እንደግፋለን አሉና ተመልሰው ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ቤት ላይ ግን እውነት ለመናገር ይችሉበታል። ልጆቼ እዚህ ስለሚማሩ የሚሉት ነገር ጆሮዬ ገባ።

ዕቃው አሮጌ ነው፣ ስሙ ነው አዲስ። እስከ 2015 ፎልክፓርቲየት ይባል ነበር። ለረጅም ዘመን የመሩት በርቲል ኦሊን በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙ ሰው ናቸው። በ1978 ኦላ ኡልስቴን ከ349 መቀመጫ 39 ብቻ ይዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ለዜግነት የቋንቋ ፈተና ይኑር ብለው በ2002 ሲነሱ ስንቱ ጮኸባቸው፤ ድምፃቸው ግን 13.4 በመቶ ደረሰ። ቡሩንዲ፣ ቡጁምቡራ የተወለደችው ኒያምኮ ሳቡኒ መሪ የሆነች ጊዜ ደግሞ የእኛ ሰፈር ሐበሻ፣ የማይመርጣቸውም ሳይቀር፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ሕመሙ። በጥር 2019 ከያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ከሶሻል ዴሞክራቱ ስቴፋን ሎቬን ጋር 73 ነጥብ ያለው ስምምነት ፈረሙ። ዓላማው ኤስዴ፣ ማለትም ስደተኛ መቀበልን የሚቃወሙት ስዊድን ዴሞክራቶች፣ ወደ ሥልጣን እንዳይጠጉ ነበር። ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ፣ በመጋቢት 2021፣ በዚያችው በሳቡኒ አመራር ፊታቸውን ወደ ቀኙ ወገን አዞሩ። ከ2022 ምርጫ በኋላ ቲዶ በሚባለው፣ የቀኙ መንግሥት በተመሠረተበት ስምምነት ላይ ከኤስዴ ጎን ስማቸውን አኖሩ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ካልተገጣጠመ እኔ ኮከብ እቀንሳለሁ። ሁለት ቀነስኩ።

ታዲያ ሦስቱን ለምን ሰጠሁ? ሒሳቡን እዩት። ፓርላማ ለመግባት 4 በመቶ ያስፈልጋል፤ እነሱ 4.6 አካባቢ አግኝተው 16 መቀመጫ ወሰዱ። የቀኙ ወገን ያሸነፈው 176 ለ173 ነው። እነዚያ 16ቱ ባይኖሩ ኡልፍ ክሪስተርሾን ጠቅላይ ሚኒስትር አይሆኑም ነበር። አምስት ሚኒስትርም አገኙ፤ ከነሱ አንዷ ሮሚና ፑርሞክታሪ ገና 26 ዓመቷ ነበር። ትልልቆቹን የሚመርጡ አንዳንድ ሰዎች ትንሹ ፓርቲ እንዳይወድቅ ድምፃቸውን ያውሱታል። እንዲህ ያሉት «ጓድ 4 በመቶ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ድምፅህ ከባድ እንዲሆን ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ቦታ አታገኝም። ወዴት እንደሚወስዱት ግን ዋስትና አይሰጡህም።

ለማን ይሆናል? ልጁ ስዊድንኛ በደንብ ይቻል፣ ክፍል ውስጥ ሥርዓት ይኑር ለሚል ወላጅ ይሆናል። ኤስዴን ማየት ለማይፈልግ አይሆንም። የስዊድን ዜግነት ያላገኛችሁም ቢሆን ሦስት ዓመት ተመዝግባችሁ ከኖራችሁ የኮሙን (የከተማ አስተዳደር) እና የሪጅን (የክልል) ድምፅ አላችሁ። ነጩንና ሰማያዊውን ወረቀት ውሰዱ፣ ቢጫው የፓርላማ ነው።